በመርፌ የተሰካ «ደህና ናቸው»

በየማለዳው፣ የሴሎቹን ማሞቂያ ሣጥን ከመክፈቷ በፊት፣ በቀኝ እጇ የመሃል ጣት አንጓ በሩን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። ጠንክራ አይደለም፤ ሕፃን የተኛበት ክፍል ሲገባ እንደሚንኳኳው ነው። ትንፋሿን ወደ ጎን ታስወጣና ትከፍታለች። ከውስጥ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ወጥቶ መነጽሯን ያደበዝዘዋል። ጠርጋ መልሳ ታደርገዋለች፤ ጠፍጣፋዎቹን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያወጣች ማይክሮስኮፑ ሥር ታያለች፤ አይታም ትመልሳለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በክር የታሰረውን እስክሪብቶ አንስታ ትልቁ መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የጠርሙሱን ቁጥር፣ በመጨረሻም ሁለት ቃል ትጽፋለች፦ «ደህና ናቸው።»

እስክሪብቶው የታሰረው ዶክተሮቹ ስለሚወስዱት ነው። «ሰው ዶክተር ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋበት የራሱ እስክሪብቶ ነው» ትላለች። ክሩን ያመጣችው ከታላቅ እህቷ ቤት ነው። የካፖርት ቁልፍ የሚተከልበት ወፍራም ክር ነው፤ እስካሁን ማንም ሊበጥሰው አልቻለም።

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ናት። ሥራዋ የነርቭ ሴሎችን በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ፣ በሁለት ቀን አንዴ ምግባቸውን መለወጥ፣ ሲጨናነቁ ማከፋፈል፣ ሲሞቱ ደግሞ ዶክተሮቹን ማሳዘን ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታዋለች። ሴል የዕረፍት ቀን አያውቅም፤ ስለዚህ እሷም አታውቅም። ሴሎቹ ሲያቅታቸው «ደክመዋል» ትጽፋለች፤ ሲበዙ «ተጨናንቀዋል»፤ ሲያልቅላቸው «ሞተዋል»። አብዛኛውን ቀን ግን ደህና ናቸው። ከዚህም የተነሳ በምርምር ተቋሙ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ጠፍቷል። ከበሩ ጥበቃ እስከ ኃላፊው ድረስ «ደህኔ» ነው የሚሏት።

ስሙን አትወደውም። «ደህና ማለት በሰው አፍ ውስጥ አልቆ የተበሳ ቃል ነው» ትላለች። «ሰው እግሩ ተሰብሮ ተጋድሞ እንኳ፣ እንዴት ነህ ስትለው ደህና ይልሃል። ከሥራ የተባረረውም ደህና ነው፤ ትዳሩ የፈረሰውም ደህና ነው። የኔ ደህና እንደዚያ አይደለም። የኔ ደህና በዓይን የታየ ነው።»

ያ ቅጠል በላቦራቶሪው አንድ በር ሲገባ የእሷ ሰላም በሌላው በር ወጣ።

ቅጠሉን ሰዉ «አስታውሴ» ይለዋል። አጥር ሥር የሚበቅል፣ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ሲያሹት እንደ እርጥብ ሳንቃ የሚሸት ተራ ነገር ነው። የሚረሳ ሰው ቀቅሎ ይጠጣዋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ይጠጣዋል፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪም ይጠጣዋል። ከዶክተሮቹ አንዱ ስለዚህ ቅጠል ሁለት ጥያቄ ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ቅጠሉ የነርቭ ሴልን ከመዝገት ይጠብቃል ወይ? ሁለተኛው፣ ቅጠሉ ራሱ የነርቭ ሴልን ይጎዳል ወይ? ከተቋሙ ውጭ ያለው ዓለም የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ጆሮ እስከ ዛሬ አላጋጠማትም።

ይህ ዶክተር ተማሪ ሳለ የፈሳሽ መምጠጫውን፣ የፒፔትን፣ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። ያኔ እጁ በጣም ይቸኩል ነበር። አሁንም እጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከስሙ በፊት ያለው ማዕረግ ነው። እሱ «እርስዎ» ይላታል፤ እሷ «አንተ» ትለዋለች፤ ሁለቱም ከዚህ ውጭ አይመቻቸውም።

ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃው ይይዛታል።

«ደህኔ፣ ያ ቅጠል እንዴት ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ቅጠል ነው።»

«አይ፣ ያድናል ወይ ማለቴ ነው።»

«ማንን?»

«ሰውን ነዋ።»

«እኔ ጋ ሰው የለም። እኔ ጋ ያሉት በዓይን የማይታዩ ናቸው።»

«እሺ፣ እነሱን አዳናቸው?»

«እነሱ መች ታመሙና?»

ጥበቃው አንገቱን ይነቀንቃል። «አንቺማ መታወቂያሽን ቢጠይቁሽ እንኳ አትናገሪም።»

ከጥበቃው ብታመልጥ ፀጉር ሠሪዋ አለች። ጭንቅላቷን መታጠቢያው ላይ አዘንብላ ውሃ እያፈሰሰችባት፣ መሸሻ በሌለበት ሰዓት ትጠይቃታለች። ከፀጉር ሠሪዋ ብታመልጥ ጎረቤቷ አለ፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጥያቄ እንኳ አይጠይቃትም፣ ራሱ ያስረዳታል። «አንቲኦክሲዳንት አለው» ይላታል ጣቱን አንስቶ። ቃሉን ከየት እንዳገኘው አይታወቅም፤ ግን ካገኘው ወዲህ እንደ አዲስ ኮፍያ ሳያወልቀው ይውላል።

አንድ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ ለፀጉር ሠሪዋ ደህና አድርጋ አስረድታት ነበር። «ስሚኝ። ብረት ውጭ ሲያድር ይዝጋል አይደል? ሴልም በገዛ ትንፋሹ ይዝጋል። የነርቭ ሴል ደግሞ ሲሠራ የሚውል ስለሆነ ብዙ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ይዝጋል። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ዝገቱ ሴሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ከፊት ገብቶ ‹እኔን ብላኝ› የሚል ነገር ነው። እንደ ታላቅ እህት በይው።»

«ውይ፣ ስታምሪ ስታስረጂ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ታዲያ ጠዋት ነው ማታ የሚጠጣው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስረዳት ትታለች።

ከሁሉ የሚያናድዳት የቀለሙ ነገር ነው። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። በመጀመሪያው፣ ሐምራዊ ፈሳሽ ውስጥ የቅጠሉ ጭማቂ ይገባል፤ ቅጠሉ ጠባቂነት ካለው ሐምራዊው ጠፍቶ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ሐምራዊ ሲጠፋ ደስ ይላል። በሁለተኛው ደግሞ፣ ሴሎቹ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ተዘርተው ቅጠሉን ከጠጡ በኋላ ቢጫ ቀለም ይጨመርላቸዋል፤ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። እዚህ ሐምራዊ ሲመጣ ደስ ይላል። አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ፤ መጀመሪያ ቢጫ ሲሆን አይተው አጨበጨቡ። ቀጥለው ሁለተኛው ክፍል ገቡና ቢጫ ሆኖ የቀረ አንድ ረድፍ ሲያዩ እንደገና አጨበጨቡ።

«የሞቱትን ነው ያጨበጨቡላቸው» አለችው ለዶክተሩ፣ እንግዶቹ ከወጡ በኋላ።

«ይተዋቸው» አለ ዶክተሩ። «ዋናው ተደስተው መሄዳቸው ነው።»

ይህንን ሁሉ ትችለው ነበር። የሰው ወሬ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ያልቻለችው የእህቷን ነው።

እህቷ በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት፣ ደብተሯን በጨርቅ የለበጠችላት፣ ለምረቃዋ ነጩን ጋዋን በእጇ የሰፋችላት ይህች ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። እስከ ዛሬ የምትለብሳቸው ጋዋኖች ሁሉ የእሷ ስፌት ናቸው። እሷ ታላቋን «እትዬ» ትላታለች፤ ታላቋ ደግሞ የሃምሳ ሦስት ዓመቷን ሴትዮ «ሚጣ» እያለች ትጠራታለች።

ሁለት ዓመት ሆኖታል የእትዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ። የነርቭ ሐኪሙ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑን ስትወስድ እጇ ይረጋል፤ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ የሸሚዝ አንገት ትገለብጣለች። ሳትወስድ ስትቀር የሻይ ማንኪያው ስኒውን ይመታዋል፤ ከጓዳ ሆኖ የሚሰማ ሰው የሆነ ነገር እየተማሰለ ይመስለዋል። የሚያስፈራው ግን የእጁ መንቀጥቀጥ አይደለም። ሐኪሙ ‹ካቋረጥሽ እግርሽም ይከተላል፤ ትወድቂያለሽ› ብሏታል። ቤቷ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መደገፊያውም ግማሹ የለም።

በፀደይ ወራት አንድ ዓርብ ቀን፣ እትዬ ኪሱ የተቀደደውን ጋዋን ጠግና ይዛላት ላቦራቶሪው ድረስ መጣች። ስፌቱ ወጣ ገባ ብሏል፤ የሰከረ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ሚጣ ውስጥ ጓንት አጥልቃ ስለነበር መውጣት አልቻለችም፤ «እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ አሁን መጣሁ» ብላ በመስታወቱ ምልክት ሰጠቻት። እትዬ ቁጭ አለች። ከፊቷ ያለው ትልቁ መዝገብ ነበር። የልብስ ሰፊ ዓይን ባለበት አይቀመጥም፤ ገለጠችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚጣ ዳቦና ፍራፍሬ ይዛ እንደ ልማዷ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን እትዬ አልከፈተችላትም፤ «ግፊው፣ ክፍት ነው» አለች ከውስጥ። ስትገባ ቤቱ እርጥብ ሳንቃ ሸተተ። ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ተጥዷል፤ ውስጡ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ነገር ይንተከተካል። በልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ደረት ላይ ደግሞ፣ ልክ ልብ ባለበት ቦታ፣ አንድ የልብስ ቅድ ወረቀት ቁራጭ በመርፌ ተሰክቷል። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይነበባል፦ «አስታውሴ፣ ከፍተኛ መጠን። ደህና ናቸው።»

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የራስሽን ጽሑፍ አታውቂውም?»

«ጽሑፉ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው።»

«እጁ የኔ ነው፤ ቃሉ ያንቺ ነው» አለች እትዬ። «ከመዝገብሽ ነው የገለበጥኩት። ቀኑንም ጽፌዋለሁ፣ እይው። ማክሰኞ ነው።»

ሚጣ ቀኑን አየች። ጠጋ ብላ መልሳ አነበበችው። ከዚያ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫውን ጣሳ ከፈተች፤ ኪኒን የሚቀመጠው እዚያ ነው። አራት ሽፋን ኪኒን፣ አንድም ፍሬ ሳይነካ፣ ከቁልፎቹ ሥር ተኝቷል።

«መች ነው ያቆምሽው?»

«መዝገብሽን ከማየቴም በፊት ነው፤ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ያቅለሸልሸኛል።»

«ለሐኪሙ ንገሪያ።»

«ሐኪሙ እንዴት ነሽ ይለኛል፤ ደህና እለዋለሁ፤ በይ ሂጂ ይለኛል። ሌላ ምን ልበለው?»

«‹ያቅለሸልሸኛል› በዪዋ።»

«ያን የመሰለ የተማረ ሰው ፊት ስለ ሆዴ ላወራ?»

ሚጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እትዬ፣ ስሚኝ። ያ ሳህን ላይ ያለ ሴል ነው። ሰው አይደለም። ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም፣ ኩላሊት የለውም።»

«ታድሎ» አለች እትዬ።

«አትቀልጂ።»

«ማን ቀለደ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ልጆቼ የምትያቸው? አሁን እህትሽ ልትጠቀም ስትል ሰው አይደሉም ሆነ።» ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ አነሳች፤ ጥቁሩ ውሃ ከአፏ ሳይደርስ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር። ሚጣ ሳታይ አትጽፍም።»

ሚጣ ጨርቅ ፈልጋ ተነሳች። ጠረጴዛውን ወለወለች፤ ዳቦውን ቆረሰች፤ ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያው የሌለበት ቦታ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከእስክሪብቶ የወጣ ደግሞ ከአፋፉም አልፎ ሰው ደረት ላይ ይሰካል።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ያዘችው።

«የከፍተኛውን መጠን እንድገመው።»

«የቱን?»

«የቅጠሉን። ከሦስት ሳምንት በፊት የሠራነውን።»

«ደህኔ፣ እርስዎ ደግሞ» አለ ዶክተሩ። «ከሁሉ ያማረው እሱ እኮ ነው። ቀለም ለኪው ማሽን ከመቶ መቶ አሥራ ስምንት ነው የሰጠኝ። ቅጠሉን ካልነኩት ሴሎች በላይ ሐምራዊ ሆነዋል። ለጉባኤው ጽሑፉን ልኬያለሁ።»

«ሴል ቅጠል ጠጥቶ ከጤነኛ በላይ ጤነኛ ሲሆን አይተህ ታውቃለህ?»

«ለዚህ ነዋ የምንመራመረው።»

«እንድገመው አልኩህ።»

«ሳህን የለም፤ የመጡት አልቀዋል።»

«እኔ የደበቅኳቸው አሉ።»

ዶክተሩ ካፖርቱን ሰቀለ። ተማሪ ሳለ የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ ከዚህ ድምፅ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈበት ቀን የለም። ማክሰኞ ሴሎቹን ዘሩ፤ ረቡዕ ቅጠሉን ሰጧቸው። ሐሙስ ማለዳ፣ ማንም ሳይገባ፣ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ትንፋሿን አወጣች፤ ከፈተች።

ጤነኛ የነርቭ ሴል እጅና እግሩን ዘርግቶ ጎረቤቱን ይዞ ይተኛል። ዝቅተኛው መጠን ያለበት ረድፍ እንደዚያው ነበር፤ እንዲያውም ሆን ብለው በዝገት ካቆሰሏቸው መካከል ትንሹን ቅጠል የቀመሱት በርትተው አደሩ። ከፍተኛው መጠን ያለበት ረድፍ ላይ ስትደርስ ግን መነጽሯ ደብዝዞ መስሏት ጠረገችው። መነጽሩ ደህና ነበር። ሴሎቹ እጃቸውን ሰብስበው፣ ክብ ሆነው፣ ከሳህኑ ተላቀው ይንሳፈፋሉ፤ ክሩ የተበጠሰ ዶቃ ይመስላሉ።

ዶክተሩ ሲመጣ ከማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው። «እይ።»

አየ። ቀና አለ፤ እንደገና አየ። «ማሽኑ ምን እንደሚል እናያለን» አለ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት ቢጫውን ቀለም ጨመሩ። የሞቱት ሴሎች ያሉበት ረድፍ ከሁሉ ፈጥኖ፣ ከሁሉ ደምቆ ሐምራዊ ሆነ። ማሽኑ መቶ አሥራ አምስት አለ።

«ይኸው» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«አንተ ልጅ፣ በዓይንህ አይተኸው ማሽን ትጠይቃለህ?» አለችና የመጨረሻውን ባዶ ጉድጓድ በጣቷ አሳየችው። ጠዋት እሷ ራሷ ነበረች ያዘጋጀችው። «እዚህ ውስጥ አንድም ሴል የለም። ቅጠሉና ቀለሙ ብቻ ነው ያለው። ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ሐምራዊ ነበር።

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ነገሩ ገባው፤ አንዴ ከገባው በኋላ ደግሞ ቀደም ብሎ ያልገባው ለምን እንደሆነ ግራ ገባው። ቅጠሉ ከዝገት ጠባቂ ነው፤ ጠባቂነቱም ከራሱ አንስቶ ለሌላ መስጠቱ ነው። ቢጫውን ቀለም ሲያገኝም ያንኑ ሰጠው። ሴል ኖረም አልኖረ፣ ቀለሙን ሐምራዊ ያደረገው ቅጠሉ ራሱ ነው። ሟቾቹን ቀለም ቀብቶ ሕያዋን አስመስሏቸዋል።

«ጽሑፉን ላስመልስ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ መዝገቡን ሳበና የዚያን ማክሰኞ ገጽ ገለጠ። «ግን... እርስዎ እዚህ ጋ ‹ደህና ናቸው› ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ያኔም እንዲህ ሆነው ከነበረ...»

እስክሪብቶውን ከነክሩ አነሳች። መዝገብ ላይ መፋቅ አይፈቀድም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከጎኑ እውነቱ ይጻፋል፣ ይፈረማል። «ደህና ናቸው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኑ «አልታዩም» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

ዶክተሩ አነበበው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ቃል ነበር። «ሻይ ላምጣልዎት?» አለ።

«አምጣ» አለች።

ቅዳሜ እህቷ ቤት ስትደርስ ደረጃው ግማሽ ላይ አገኘቻት፤ እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዘንቢሏ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ወድቋል፤ የአስታውሴ ቅጠል በደረጃው ላይ ተበትኗል።

«ወድቀሽ ነው?»

«አረፍ ብዬ ነው።»

«ደረጃ ላይ?»

«ደረጃ ላይ ማረፍ ክልክል ነው እንዴ?»

ደግፋ አስገባቻት። ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ አጠበችላት። እያጠበችም ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ክብ ክቦቹ ሴሎች፣ ስለ ባዶው ጉድጓድ፣ ቅጠሉ ቀለሙን ስለማታለሉ። እትዬ በጥሞና ሰማች።

«እንግዲያ የአሁኖቹ ሞቱ» አለች። «ያኔዎቹ ግን ደህና ነበሩ።»

«እትዬ!»

«ምን እትዬ ትይኛለሽ? አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ያኔ ልክ ነበርሽ፣ ወይ አሁን። እኔ የያኔውን ይዣለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ትዝ አላት፤ ግን ታላቅ እህት ናትና ዋጠችው። ስለ ጉበት አወራች፤ ስለ መጠን አወራች፤ ለሳህን የበጀ ለሰው እንደሚበጅ እንደማይታወቅ፣ ሳህን ላይ የገደለም ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና ማንም እንዳላየ አወራች። ሃያ ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረገፈች። እትዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ማንኪያው ስኒውን ይመታል። በአሻንጉሊቱ ደረት ላይ ወረቀቷ ተሰክታ ቀጥ ብላለች።

በዚያ ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት እትዬ የመጀመሪያዋን ኪኒን ዋጠች። ሰኞ ሁለቱም ተያይዘው ሐኪሙ ጋ ሄዱ። «እንዴት ነሽ?» ሲላት እትዬ እህቷን አየች፤ ከዚያ ጫማዋን አየች፤ ከዚያም «ደህና አይደለሁም፤ ያቅለሸልሸኛል» አለች። ሐኪሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። «አልጠየቅከኝማ» አለችው። መጠኑን ከፋፈለላት፤ ከምግብ ጋር አደረገላት። በወሩ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው፣ ግን አስገባች። የጋዋኑን ኪስ ፈታ እንደገና ሰፋችው።

ጥበቃው አሁንም በሩ ላይ ይጠብቃታል።

«ደህኔ፣ ያ ቅጠል ይገድላል አሉ፣ እውነት ነው?»

«ማንን?»

«ሰውን ነዋ።»

«እኔ ጋ ሰው የለም አላልኩህም?»

«ታዲያ ልጠጣው ወይስ ልተወው?»

ኡፍ ብላ ታልፈዋለች። ፀጉር ሠሪዋ «ጠዋት ነው ማታ?» የሚለውን ትታ «ስንት ስኒ ነው ከፍተኛ መጠን የሚባለው?» ማለት ጀምራለች፤ ይህ እንደ መሻሻል ይቆጠር እንደሆነ አታውቅም። መምህሩ ጎረቤቷ ደግሞ አንቲኦክሲዳንት ቀለም እንደሚያታልል እሱ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር አስረድቷታል።

ይህ ሁሉ በታሪክ መልክ ቢጻፍ ግድ አልነበራትም። የተሰረዘውን መስመርም ቢሆን «መዝገቡ ላይ አለ፤ ምን ይደበቃል» ብላለች። እንዳይጻፍ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ማስረጃ ካለቀ በኋላ፣ ለእህቷ ምን እንዳለቻት።

ያን ቅዳሜ ሚጣ ወደ አሻንጉሊቱ ሄዳ መርፌውን ነቀለች። ወረቀቷን ይዛ ከእትዬ ፊት ተንበረከከች።

«ያን ማክሰኞ ጠዋት ትዝ ይልሻል? ስልክ የደወልኩልሽ?»

«ሁልጊዜ ትደውይ የለ።»

«የሴሎቹን ማሞቂያ በር አንኳኩቼ ነበር። ልከፍተው ስል እጅሽ አሳሰበኝና ደወልኩልሽ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ ይዤ ‹እንዴት ናቸው እጆችሽ?› አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

እትዬ በሁለት እጇ ጭኗን ይዛ ነበር፤ እጆቿ ግን አልረጉላትም።

«‹ደህና ናቸው› አልሽኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። የሰማሁትን ጻፍኩና በሩን ሳልከፍት ሄድኩ።» ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። «እጁ የኔ ነው፣ እትዬ። ቃሉ ያንቺ ነው።»